ፋሲል ከነማ በ2013 የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ

የ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020–21) የውድድር ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳበት ዓመት ነው። ቡድኑን በዋና አሰልጣኝነት የመራው ስዩም ከበደ ሲሆን አምበሉ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉ የተካሄደው በ13 ክለቦች መካከል በአምስት ከተሞች እየተዘዋወረ ነው። ጎንደር ከአምስቱ ከተሞች መካከል አልነበረችም፤ ስለዚህ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን የሆነው በራሱ ሜዳ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው።

ክለቡ

ክለቡ ስሙን ያገኘው ጎንደርን መናገሻ ካደረጉት ከዐፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡ) ነው። ደጋፊዎቹ «ዐፄዎቹ» እያሉ የሚጠሩትም ከዚሁ በመነሳት ነው። «ከነማ» የሚለው ቃል «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው ስያሜ በምህፃር የተወሰደ ሲሆን በደርግ ዘመን ከነበሩት የከተማ ማኅበራት ጋር የተያያዘ ነው። ሐዋሳን የመሳሰሉ ሌሎች የከተማ ክለቦችም በዚሁ ቃል ሲጠሩ ቆይተዋል። የክለቡ መደበኛ ሜዳ ጎንደር የሚገኘው የፋሲለደስ ስታዲየም ነው።

የክለቡ ደጋፊዎች የጎንደር ከተማ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀውና የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ደባርቅ፣ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ወረዳዎችም ዐፄዎቹን የሚከተል ብዙ ነው። ለእነዚህ አካባቢዎች በፕሪምየር ሊግ የሚጫወት ቅርብ ክለብ ፋሲል ከነማ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. በፊት

ፋሲል ከነማ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ ያደገው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን በ2009 ዓ.ም. መወዳደር ጀመረ። በሦስተኛ ዓመቱ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ለዋንጫው እጅግ ቀርቦ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ሊጉን ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻ ጨዋታውን ሽረ ላይ ከስሑል ሽረ ጋር አደረገና አቻ ተለያየ። በተመሳሳይ ሰዓት መቐለ 70 እንደርታ ድሬዳዋ ከተማን በማሸነፉ በአንድ ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ከጎንደር ወደ ሽረ የሚወስደው መንገድ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርድ ነው። በጊዜው በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል የነበረው የፖለቲካ ውጥረት በክለቦቹ ግንኙነት ላይም ጥላ አጥልቶ ስለነበር የዚያ ዓመት የዋንጫ ፉክክር ከስፖርት በላይ ትኩረት ስቧል።

በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ዋንጫን አሸንፎ በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመሳተፍ ዕድል አገኘ። የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም በመልሱ ጨዋታ 3 ለ 1 ተሸንፎ በድምር ውጤት ተሰናበተ።

የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት በመካከል ተቋርጦ ተሰረዘ። ሊጉ ሲቆም ፋሲል ከነማ በደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ ነበር፤ ውድድሩ በመሰረዙ ግን በዚያ ዓመት ሻምፒዮን አልተሰየመም። ስለዚህ ክለቡ 2013 ዓ.ም.ን የጀመረው በተከታታይ ሁለት ዓመት ዋንጫው ከእጁ ካመለጠው በኋላ ነው።

የውድድሩ አደረጃጀት

የ2013 ዓ.ም. ሊግ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በግንቦት ወር ተጠናቀቀ። ከቀደሙት ዓመታት በሦስት ነገሮች ይለያል።

የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሥርጭት ነው። የሊጉን የሥርጭት መብት የዲ.ኤስ.ቲቪ እህት ኩባንያ የሆነው ሱፐር ስፖርት ገዝቶ ጨዋታዎቹን በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። ሊጉም በስፖንሰሩ ስም «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ» ተባለ።

ሁለተኛው የቦታ ለውጥ ነው። ክለቦች በየከተማቸው እንዲጫወቱ በማድረግ ፈንታ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለተወሰኑ ሳምንታት ይጫወታሉ፤ ከዚያም አብረው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። ቅደም ተከተሉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበር። ይህ አሠራር ወረርሽኙን ለመቆጣጠርም ሆነ ለቀጥታ ሥርጭት አመቺ ነበር። በዓለም ላይም በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል፤ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የመጨረሻ ዙሮች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሊዝበን ላይ ተሰባስበው መካሄዳቸው አንዱ ምሳሌ ነው።

ሦስተኛው የክለቦቹ ቁጥር ነው። ሊጉ በ16 ክለቦች መካከል ሊካሄድ ታስቦ የነበረ ቢሆንም በ13 ብቻ ተካሄደ። 13 ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ ሲገናኙ እያንዳንዱ ክለብ 24 ጨዋታ ያደርጋል፤ በድምሩም 156 ጨዋታዎች ይሆናሉ። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንድ ክለብ አራፊ ይሆናል፤ ስለዚህ ውድድሩን ለመጨረስ 26 የጨዋታ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ከዚህ የተነሳ በውድድሩ መካከል የደረጃ ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው ክለቦቹ ያደረጉት የጨዋታ ብዛት እኩል አለመሆኑን ማስተዋል ነበረበት።

ያልተሳተፉት ክለቦች

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በመቀስቀሱ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ በውድድሩ ሊሳተፉ አልቻሉም። ከሦስቱ መካከል መቐለ 70 እንደርታ የመጨረሻው የሊግ ሻምፒዮን ነበር። ስለዚህ የ2011 ዓ.ም.ን የዋንጫ ፉክክር በአንድ ነጥብ ልዩነት የጨረሱት ሁለት ክለቦች በ2013 ዓ.ም. ሊገናኙ አልቻሉም።

በውድድሩ የተሳተፉት ፋሲል ከነማ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ ሀዲያ ሆሳዕና፣ ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አዳማ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር ነበሩ።

ቡድኑና ውጤቱ

የፋሲል ከነማ ቡድን አብዛኛው አካሉ ለዓመታት አብሮ የቆየ ነበር። በግብ ጠባቂነት ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ፣ በተከላካይ መስመር ያሬድ ባየህ፣ በአማካይ ስፍራ ሱራፌል ዳኛቸውና ሀብታሙ ተከስተ፣ በማጥቃቱ በኩል ሽመክት ጉግሳ፣ በዛብህ መለዮና ሙጂብ ቃሲም ከዋነኞቹ ተጫዋቾች መካከል ነበሩ። ቀደም ሲል በተከላካይነት ይጫወት የነበረው ሙጂብ በአጥቂነት የቡድኑ ዋና ግብ አስቆጣሪ ሆኗል።

የዓመቱ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ግን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው። በ29 ግቦች ጨርሶ ጌታነህ ከበደ ለደደቢት ሲጫወት ይዞት የነበረውን የ25 ግብ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰብሯል። እንዲያም ሆኖ ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ ፋሲል ከነማም ጥቂት ጨዋታዎች እየቀሩት ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። በ2011 ዓ.ም. ሁሉ ነገር በመጨረሻው ቀን ተወስኖ ስለነበር ይህ ለክለቡ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሊጉ በፕሪምየር ሊግ ስያሜ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ካነሱት ክለቦች ፋሲል ከነማ ስምንተኛው ነው። ከእርሱ በፊት መብራት ኃይል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሐዋሳ ከነማ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ ደደቢት፣ ጅማ አባ ጅፋርና መቐለ 70 እንደርታ አሸንፈዋል። ከአማራ ክልል ይህን ዋንጫ በማንሳት ፋሲል ከነማ የመጀመሪያው ነው።

የሜዳ ጥቅምና ደጋፊው

በተለመደው አሠራር በ13 ክለቦች ሊግ አንድ ክለብ 12 ጨዋታ በሜዳው፣ 12 ጨዋታ ከሜዳው ውጪ ያደርጋል። በ2013 ዓ.ም. ግን ለፋሲል ከነማ 24ቱም ጨዋታዎች ከጎንደር ውጪ ነበሩ። የአዲስ አበባ፣ የጅማ፣ የባሕር ዳር፣ የድሬዳዋና የሐዋሳ ክለቦች ቢያንስ ለተወሰኑ ሳምንታት በከተማቸው ሲጫወቱ ለጎንደሩ ክለብ ቅርብ የነበረችው አስተናጋጅ ከተማ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ባሕር ዳር ነበረች። የአየር ጠባዩም ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሞቃታማዋ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

አስተናጋጅ መሆን ግን ብቻውን ውጤት አላመጣም። ለምሳሌ ጅማ አባ ጅፋር በከተማው ቢጫወትም ያጠናቀቀው በሰንጠረዡ ግርጌ ነው። ተመልካች በወረርሽኙ ጥንቃቄ ምክንያት በመገደቡ የሜዳ ባለቤትነት ዋናው ጥቅም፣ ማለትም የደጋፊ ግፊት፣ በሁሉም ዘንድ ቀንሶ ነበር። ተዘዋዋሪው ውድድር በተጫዋቾች ስብስብ ጥራት፣ በአካል ብቃትና ለወራት ከቤት ርቆ በመቆየት ጽናት ላይ ይበልጥ የተመሠረተ ሆነ። አብሮ የቆየ ቡድን ለነበረው ፋሲል ከነማ ይህ የሚስማማ ነበር።

ለደጋፊው ለውጡ ሁለት ገጽታ ነበረው። ከዚያ በፊት የደባርቅ ወይም የዳባት ደጋፊ ቡድኑን በአካል ለማየት ወደ ጎንደር መውረድ ነበረበት፤ የማይችለው ደግሞ ውጤቱን በሬዲዮና በስልክ ይሰማ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ስታዲየም የመግባት ዕድሉ ቢቀርም እያንዳንዱ ጨዋታ በቀጥታ የሚታይ ሆነ። ሆኖም ሥርጭቱን ለማየት ዲኮደርና ወርሃዊ ክፍያ ያስፈልጋል፤ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ወጪ ለአንድ ቤተሰብ ስለሚከብድ ኳስ የሚታየው ሒሳብ እየተከፈለ በሚገባባቸው የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቶች ነው።

በክለቡ ገቢ ላይም ተጽዕኖ ነበረው። የስታዲየም መግቢያ ትኬት ሽያጭ ሲቀር የሥርጭትና የስፖንሰር ገንዘብ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። በሌላ በኩል ደጋፊ ለጨዋታ ሲመጣ ለሆቴል፣ ለምግብ ቤትና ለትራንስፖርት የሚያወጣው ገንዘብ ከጎንደር ወደ አስተናጋጅ ከተሞች ዞሯል።

ከዋንጫው በኋላ

ፋሲል ከነማ በሻምፒዮንነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ ተሳተፈ። ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ በመዛወሩ ቡድኑ ዋና አጥቂውን አጥቶ ነበር። ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 1 ተለያየ። በድምር 3 ለ 3 ቢሆንም አል ሂላል ከሜዳው ውጪ ብዙ ግብ ያስቆጠረ በመሆኑ አለፈ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የሻረው ሲሆን በካፍ ውድድር ግን ያኔ በሥራ ላይ ነበር።

ይህ ጨዋታ ሲደረግ ጦርነቱ ክለቡ ደጋፊዎች ወዳሉባቸው አካባቢዎች ደርሶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ግንባሩ ወደ ደባርቅና ዳባት ተጠግቶ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ፤ በነሐሴ መጨረሻም በዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት በተባለው ቀበሌ በርካታ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ክለቡ የመጀመሪያ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታውን ያደረገው ከዚህ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከ13ቱ ክለቦች አንዱም ሳይቀር፣ ከከፍተኛ ሊግ ያደጉት አርባ ምንጭ ከተማ፣ መከላከያና አዲስ አበባ ከተማ ተጨምረው ሊጉ ወደ 16 ክለቦች ተመለሰ። በዚያ ዓመት ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲወስድ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ ሆነ። የትግራይ ሦስቱ ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊጉ የተመለሱት ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት (ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.) በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ነው።

ውጤቱን ስለመመዘን

የ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ከሌሎች ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ሁለት ነገሮችን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል የቀድሞው ሻምፒዮን አልነበረም፤ ስለዚህ ፋሲል ከነማ ሁሉንም የአገሪቱን ጠንካራ ክለቦች አሸነፈ ማለት አይቻልም። መቐለ 70 እንደርታ የቀረውም በሜዳ ላይ ተሸንፎ አይደለም። በሌላ በኩል የጎንደሩ ክለብ አንድ ነጥብ አንሶት ሁለተኛ ከሆነበት፣ ቀጥሎም እየመራ ሊጉ ከተሰረዘበት ጊዜ በኋላ፣ ያለ ሜዳውና ያለ ደጋፊው ሁሉንም የቀሩትን ክለቦች በልጦ ውድድሩን ቀድሞ ዘግቷል። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት አራት ዓመታት ውጤቱ በቅደም ተከተል ሁለተኛ፣ ሊጉ ሲሰረዝ መሪ፣ አንደኛና ሁለተኛ መሆኑ የ2013ቱ ድል የአንድ ዓመት አጋጣሚ እንዳልነበረ ያሳያል።