ስለ ሉማሜ የተጻፈ ጥናት በፍለጋ እንዳይጠፋ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአዋበል ወረዳ ያለችውን ሉማሜን በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንዳችን በመጨረሻው አንድ አናባቢ፣ ሌላችን ሁለት እናደርጋለን። በአማርኛም «አፈር»ና «ዐፈር» ድምፃቸው አንድ፣ ፊደላቸው ግን ልዩ ነው። የኮምፒዩተር መዝገብ ካልታዘዘ በቀር እንደ ሁለት ቃል ይቈጥራቸዋል። ከዚህ የተነሣ ተማሪው «የለም» የሚል መልስ አግኝቶ የተጠናውን መሬት ዳግመኛ ያጠናል፤ ገበሬውም ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሥራ ይፈታል።

መፍትሔው ከካርድ ካታሎግ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ይኸውም አንድ ስም መርጦ ሌሎቹን አጻጻፎች ወደ እርሱ መምራት ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይቈጠሩ፤ የደራሲው አጻጻፍ ግን በመዝገቡ ሳይለወጥ ይኑር። እኛም የመመረቂያ ጽሑፍ ስናስረክብ የቦታውን ስም በሁለቱም ፊደል እንጻፍ።