ቋንጃን በትዕግሥት ስለ ማፍታታት

ከጧት እስከ ማታ ጉልበቱን አጥፎ በጠረጴዛ ፊት የሚውል የመሥሪያ ቤት ሰው፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ጫማውን ለማሰር ባጐነበሰ ጊዜ ቋንጃው እንደ ደረቀ ጠፍር ይወጠርበታል። ከልጆቹ ጋራ በስጋጃ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሊቀመጥ ቢወድም ወገቡ እሺ አይለውም።

ይህ የደረሰው በራሳችን ስለ ሆነ የምንጽፈው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። አንድ ቀን ማታ ትንሿ ልጃችን አንድ እግርዋን ዘርግታ ግንባርዋን በጉልበትዋ ላይ ስታሳርፍ አየንና፤ አባት ከልጁ አያንስም ብለን ከአጠገብዋ ተቀምጠን በኃይል አጐነበስን። ወዲያው ከጭናችን በስተኋላ የሚወጋ ሕመም ተሰማን፤ ሦስት ሳምንትም ስናነክስ ሰነበትን። ልጂቱ ግን ጥፋቱ የእርስዋ መስሏት በፊታችን መጫወትን ተወች። ከሕመሙ ይልቅ ያሳዘነን ይህ ነበር።

ኋላም ጠይቀን እንደ ተረዳነው፤ ይህ አቀማመጥ ዮጋ ከሚባለው ከሕንድ አገር የሰውነት ማሠልጠኛ አንዱ ነው። በሳንስክሪት ቋንቋ ጃኑ ሺርሻሳና ይባላል፤ ጃኑ ጉልበት፤ ሺርሻ ራስ፤ አሳና አቀማመጥ ማለት ነው። በ1966 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ዮጋ የታወቀውን መጽሐፍ ያሳተሙት ሕንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር፤ ሰውነታቸው ላልተፍታታ ሰዎች የታጠፈ ብርድ ልብስና ጠፍር መርጃ እንዲሆን አስተምረዋል። እንግዲህ ስሙ ራስንና ጉልበትን ቢያነሣም ጀማሪ ራሱን ከጉልበቱ ለማድረስ መታገል አይገባውም።

ቋንጃ የምንለው ከጭን በስተኋላ ያሉት ሦስት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነርሱም ዳሌንና ጉልበትን ያያይዛሉ። ስለዚህ የሚሳቡት ሰው ከዳሌው ሲያጐነብስ ነው እንጂ ጀርባውን ሲያጐብጥ አይደለም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ አምስት ደቂቃ ያህል ተራምዶ ሰውነትን ማሞቅ። ከዚያም ጋቢ ደራርቦ አጥፎ በጠርዙ ላይ መቀመጥ፤ ይህም ዳሌን ወደ ፊት ለማዘንበል ይረዳል። ቀኝ እግርን ዘርግቶ ጣቶቹን ወደ ላይ ማቅናት፤ ግራውን አጥፎ ውስጥ እግሩን ከቀኝ ጭን ውስጠኛ ወገን ማስጠጋት። በዚህ ጊዜ የታጠፈው እግር ብሽሽት ይፍታታል፤ ጉልበቱ ከምድር ባይደርስ ትራስ ማስደገፍ ነው። ነጠላ በተዘረጋው እግር መርገጫ ላይ አዙሮ ሁለቱን ጫፎች መያዝ፤ ጀርባን አቅንቶ ትንፋሽን እያወጡ በቀስታ ማዘንበል። መሳብ ሲሰማ፤ ሕመም ሳይመጣ፤ በዚያው ቆሞ 30 ሰከንድ በጸጥታ መተንፈስ፤ ቀጥሎም እግርን መለወጥ። በየወገኑ ሁለት ሁለት ጊዜ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቢደረግ ለጀማሪ ይበቃል። ቋንጃው እጅግ የከረረበት ሰው ጉልበቱን ጥቂት ያጥፍ፤ ማንም ግን ሰውነቱን እያነጠረ አይሳብ። ከወገቡ እስከ እግሩ የሚወርድ ሕመም ያለበት፤ ዳሌውን የታከመ፤ ወይም ጡንቻው የተጐዳ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እኛ ዛሬም ግንባራችን ከጉልበታችን ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ጫማችንን ያለ ጭንቅ እናስራለን። ልጃችንም ተመልሳ ከአጠገባችን ተቀምጣ ሠላሳውን ሰከንድ ትቈጥርልናለች፤ ቸኩለን ባዘነበልን ጊዜም «አባባ፤ ቀስ ይበሉ» ትለናለች። አንባቢዎቻችንም ይህን ምክር ከእርስዋ እንዲቀበሉ እንመኛለን።