በልዋጭ የመጣችውስ?

አሶሳ ላይ ስለ ቤተሰብ የሚመክር መድረክ ሲዘጋጅ ንግግሩ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይጀምራል፤ ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይባላል። ቀጥሎ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይነሣል፦ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 ከሞላት እስከ 3 ዓመት ጽኑ እሥራት። ከሻይ እረፍት በኋላ የቡድን ውይይት፣ ማምሻውን የአቋም መግለጫ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ስለኖርኩ ቅደም ተከተሉን በቃሌ አውቀዋለሁ።

መግለጫው ቤተሰብ ሲል ባል፣ ሚስትና ልጆች ማለቱ ነው። በመተከልና በካማሺ ባሉ የጉሙዝ መንደሮች ግን የቆየው ልማድ የእህት ልውውጥ ጋብቻ ነው። ወጣቱ ሚስት ሲያገባ እህቱን ለሚስቱ ወንድም ይሰጣል፤ እህት ከሌለው ከዘመድ ልጅ ትፈለግለታለች። ሁለቱ ትዳሮች አንዱ ለሌላው ዋስ ናቸው። አንዷ ጥላ ከሄደች የሌላዋ ወገኖች ልጃቸውን መልሰው ሊወስዱ ይችላሉ፤ ነገሩ ወደ ጎሳ ጠብ የሚያመራበትም ጊዜ አለ።

በአንዱ መድረክ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ልጅቱን ከትዳር አውጥታችሁ ትምህርት ቤት አስገባችኋት እንበል፤ በሷ ልዋጭ የመጣችውስ ወዴት ትሂድ?» አወያዩ «አባታችን፣ በሪፖርቱ ይካተታል» ብሎ አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት፤ የአቋም መግለጫው ላይ ግን አልነበረም።

አዛውንቱ ለልማዱ ጥብቅና የቆሙ መስሎት ያጉረመረመ ነበር። ለእኔ ግን ጥያቄው መንደር ለመንደር የሚያጋጥመኝ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ልጅቱ ራሷ ዕድሜዋን ጨምራ ትናገራለች፤ እውነቱን ብትናገር የወንድሟ ቤት ይፈርሳል፣ ልጆቹም ከእናታቸው ይለያሉ። ግንዛቤ አንሷት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በለንደኑ የልጃገረዶች ጉባኤ አገራችን ያለዕድሜ ጋብቻን እስከ 2025 ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ቀነ ገደቡ ሲደርስም ልማዱ አልጠፋም።

ስለዚህ የመድረኩ ጥሪ ሲበተን የሁለቱም ትዳር ወገኖች አብረው ይጠሩ። ሽማግሌዎች፣ ፖሊስና የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ባሉበት ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ፋይል ይታዩ። አንደኛዋ ስትወጣ ሌላዋ ያለፈቃዷ እንዳትወሰድ፣ በልጅ ምትክ ካሣው በከብት ወይም በገንዘብ እንዲሆን ስምምነቱ ይፈረም። በጀት የለም ከተባለ ከአዳራሽ ኪራይና ከውሎ አበል ላይ ይቀነስ፤ መድረኩም እዚያው ቀበሌው ላይ ይሁን።