ቅርስና ቦታው፦ ከአዲስ አበባ ሙዚየሞች እስከ ጅሬን ኮረብታ

በሙዚየም የተቀመጠ ዕቃ የሚናገረው ያለበት ክፍልና ከጎኑ የተደረደረው ነገር በሚፈቅዱለት መጠን ነው። አንድ ዙፋን በንጉሥ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ የሥልጣን ማስረጃ ነው፤ ከሞሰብና ከወተት ዕቃ ጎን በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የእንጨት ሥራ ናሙና ይሆናል። ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች ተነሥቶ የአዲስ አበባን ሙዚየሞች የሚጎበኝ ሰው፣ ወይም በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዝ፣ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ለማስተዋል ይችላል።

ብሔራዊ ሙዚየም ታሪክን ከታች ወደ ላይ ይተርካል። በምድር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ትገኛለች፤ ለእይታ የቀረበው ቅጂዋ ሲሆን ዋናው አጽም በጥበቃ ተቀምጧል። ከእርሷ በላይ የአክሱም ዘመን ቅርሶችና የነገሥታቱ አልባሳት፣ ቀጥሎ ሥነ ሥዕል፣ በመጨረሻም በላይኛው ፎቅ የሕዝቦች የዕደ ጥበብ ውጤቶች ይከተላሉ። አደራደሩ ለጎብኚ ምቹ ነው። ሆኖም የደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ የሚታየው የነገሥታቱ ትረካ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያም ከታሪክ ባለቤትነት ይልቅ በቅርጫትና በጌጥ ባለቤትነት።

በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተለየ መንገድ መርጧል። ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በክልል ከመከፋፈል ይልቅ በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት፣ ከልጅነት እስከ ሞት፣ አደራጅቷቸዋል። ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ የአንዱ ሕዝብ ሙሽራ ከሌላው ሙሽራ ጎን ትቆማለች፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ዋጋው ግን ዓመተ ምሕረት ነው። መወለድ፣ ማግባትና መሞት ዘመን የላቸውምና በእነርሱ ዙሪያ የተሰበሰበው ዕቃም ዘመን አልባ ይመስላል። በዚያው ሕንፃ የሚጎበኘው የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ግን ባለቤቱም ዘመኑም የታወቀ ነው። ጎብኚው በጥቂት እርምጃ ከ«ባህል» ወደ «ታሪክ» የተሻገረ ያህል ይሰማዋል።

በዚህ አደራደር በቀላሉ የሚሰወረው የጊቤ መንግሥታት የፖለቲካ ታሪክ ነው። ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ገራና ጅማ በ19ኛው መቶ ዘመን የራሳቸው ገዥ፣ ኬላና ገበያ የነበራቸው መንግሥታት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ ዙፋን ላይ የቆዩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠበቁ፤ ለዚህ ውሳኔ የእናታቸው የገነ ጉሚቲ ምክር እንደረዳቸው ይነገራል። የከፋ መንግሥት በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1897 በጦርነት ወደቀ። ይህን ንጽጽር በሕይወት ዑደት ከተደረደረ ክፍል ማንበብ አይቻልም።

ጎብኚው ወደ ጅማ ሲመጣ ዘመኑም የባለቤቱም ስም ይመለሱለታል። ከከተማው ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከእንጨት የተሠራው ፎቅና በረንዳው፣ ከአጠገቡ ያለው መስጊድና ከታች የተዘረጋው ሜዳ አንድ ላይ ሆነው የንጉሡን አሠራር ያስረዳሉ። ከላይ ሆኖ ሸለቆውን የሚያይ ሰው፣ ቤተ መንግሥቱ ለምን በዚያ እንደተሠራና የሂርማታ ገበያ ለምን ከታች እንደነበረ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ችግሩ የንጉሡና የቤተሰባቸው መገልገያዎች በአብዛኛው ከተማው መካከል ባለው የጅማ ሙዚየም መሆናቸው ነው። ቤቱ በአንድ ስፍራ፣ የቤቱ ዕቃ በሌላ ስፍራ ይታያል።

ይህ መለያየት ያለ ምክንያት የመጣ ተደርጎ መታየት የለበትም። በጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ጨርቅና ቆዳ ደግሞ ከእንጨት ቀድመው ይጠፋሉ። ዕቃውን ወደ ጅሬን ለመመለስ አስቀድሞ ጣሪያውን ማስተማመን ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከብደው የትረካው ጉዳይ ነው። ሂርማታ የቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን የባሪያ ገበያም ነበር፤ የንጉሡን ብልጽግና የሚያሳይ ክፍል ይህን ንግድ በስሙ ካልጠራ ትረካው ጎዶሎ ነው።

ስለ ቡና የሚጠይቅ ጎብኚ ደግሞ ከጅማ ወደ አጋሮ መቀጠል ይኖርበታል። በጎማ ወረዳ የምትገኘው ጮጬ የቡና መገኛ ናት ሲባል፣ በከፋ በኩል ክብሩ ለማኪራ ይሰጣል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም የቆመው በከፋ ዞን በቦንጋ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ለክርክሩ ፍርድ አይሰጥም። አረቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ የዱር ዘሩ የሚገኝበት ደን የዞን ወሰን አያውቅም፤ አንድ መንደርን ለይቶ መነሻ ማድረግም አይቻልም። የሙዚየም ሕንፃ ግን በአንድ ስፍራ መቆሙ ግድ ስለሆነ፣ ሕንፃው ራሱ የክርክሩ አንድ ወገን ይሆናል።

ጮጬ ከአፈ ታሪኩ ሌላ በመስክ የተተከለ የቡና ዘረ መል ባንክ አላት፤ በሜልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም እንዲሁ። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆና ቀዝቅዞ ለብዙ ዓመት ሊቀመጥ ስለማይችል፣ ከየደኑ የተሰበሰቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች የሚጠበቁት በሕይወት እንዳሉ ዛፎች ሆነው ነው። እንደ ሙዚየም ዕቃ ሁሉ እያንዳንዱ ናሙና ቁጥርና የተሰበሰበበት ቦታ መዝገብ አለው፤ ከእነርሱ የሚለየው ተቆርጦ መታደስና ከበሽታ መጠበቅ የሚፈልግ መሆኑ ነው። አንድ ዛፍ ተተኪ ሳይተከልለት ከደረቀ ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ ብቻ ይቀራል።