ስንጥቁ ይድን ዘንድ ጡንቻው ሲቆረጥ

የፊንጢጣ ስንጥቅ ትንሽ ቁስል ነው። ሕመሙ ግን ከመጠኑ ጋር አይገናኝም፤ ሽንት ቤት ሲቀመጡ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ከተነሡም በኋላ ለሰዓታት ያንገበግባል። ደማቅ ቀይ ደምም ይታያል። ብዙ ሰው ደሙን ሲያይ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ይደመድምና ሐኪም ሳያየው መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ ይሄዳል። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው፤ ይኼኛው የተቀደደ ቆዳ። ለአንዱ ተብሎ የተቀባ የሚያቃጥል ነገር የሌላውን ቁስል ያሰፋዋል፣ ጠባሳውም መውጫውን ሊያጠብበው ይችላል።

አዲስ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ውሃ በደንብ መጠጣት፣ ጎመንና ጥራጥሬ መብላት፣ ተልባ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ለብዙዎች ይበቃል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት አልፎት ያልገጠመው ሥር የሰደደ ይባላል፤ ጠርዙ ይጠነክራል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የቆዳ ቅጥያ ይወጣል።

እንዳይድን የሚያደርገው ከሥሩ ያለው ጡንቻ ነው። ፊንጢጣን የሚዘጉት ጡንቻዎች ሁለት ናቸው። የውጪውን በፈቃዳችን እናዘዋለን፤ የውስጠኛው ትእዛዝ አይሰማም፣ ሌት ተቀን ጨብጦ የሚይዘው እሱ ነው። ሲያመው ይብስ ይጨብጣል፣ ሲጨብጥም ወደ ቆዳው የሚሄደው ደም ይቀንሳል። በጀርባ በኩል መሃሉ ላይ ያለው ቆዳ ደግሞ ከመጀመሪያውም ደም የሚያገኘው በጥቂቱ ነው፤ ከ10 ስንጥቅ 9 ያህሉ የሚወጣው እዚያ ነው። ደም ያጣ ቁስል አይገጥምም፣ ያልገጠመው ያማል፣ ሕመሙ ጡንቻውን መልሶ ያስጨብጠዋል። የናይትሮግሊሰሪንና የዲልቲያዜም ቅባቶች የሚታዘዙት ይህን ጡንቻ ለማላላት ነው፤ የመጀመሪያው ራስ ምታት ያመጣልና ብዙዎች ያቋርጡታል።

ቅባቱ ካልሠራ ወሬው ወደ ቀዶ ሕክምና ይዞራል። ጥንት ጡንቻው በጣት ይለጠጥ ነበር። ሕመሙ ይጠፋል፤ ጡንቻው የት የት እንደተበጣጠሰ ግን ለጣጩም አያውቅም፣ ሰገራ መቆጣጠር ያቃታቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 የደቡብ አፍሪካው ቀዶ ሐኪም ስቴፈን አይዘንሃመር የውስጠኛውን ጡንቻ ለይቶ ስለመቁረጥ ጻፈ። በጀርባ በኩል ሲቆረጥ ጎድጓዳ ጠባሳ እየቀረ የውስጥ ልብስ ያቆሽሽ ስለነበር፣ የሚቆረጥበት ቦታ ወደ ጎን ተዛወረ። በ1969 ደግሞ ሚቸል ኖታራስ ምላጩን ከቆዳ ሥር አሳልፎ መቁረጥን አስተዋወቀ።

ዛሬም የሚሠራው ይኸው ነው። ታካሚው ይደነዝዛል፣ ሐኪሙ በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል ያለውን ስርጉድ በጣቱ ይፈልጋል፣ የውስጠኛውን የታች ክፍል ይቆርጣል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ስንጥቁ ራሱ ባይነካም ይገጥማል፤ ከ100 ታካሚ ከ90 በላዩ ይድናል።

የተቆረጠው ግን ተመልሶ እንደ ነበረው አይሆንም። አንዳንዱ ሰው ፈስ መያዝ ያቅተዋል፣ ጥቂቱ የውስጥ ልብሱ ይቆሽሻል። በሳምንታት ውስጥ የሚተወው ብዙ ነው፤ የማይተወውም አለ። ሐኪሙም ታካሚውም አፍረው በዝምታ የሚያልፉት ይህን ነው፤ መታለፍ ግን የለበትም። በቀን 5 ጊዜ ለሚሰግድ ሰው ውዱእን የሚያፈርስ ነገር ቀላል ጉዳት አይደለም። ስለዚህ «ምን ያህል ነው የሚቆርጡት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እስከ ስንጥቁ ጫፍ ብቻ የሚቆርጥ ሐኪም ጡንቻውን ይቆጥባል፤ ስንጥቁ የመመለሱ ዕድል ግን ትንሽ ይጨምራል።

ለወለደች ሴት ሒሳቡ ሌላ ነው። በምጥ ጊዜ ጡንቻው ሳይታወቅ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ስንጥቁ ያለው ጡንቻዋ ሳይጨብጥ ነው። በዚያ ላይ መቁረጥ ካላት ላይ መቀነስ ነው። ለእሷ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቦቶክስ ነው፤ ጡንቻውን ለ3 ወር ያህል አድክሞ ይለቅቀዋል፣ ዋጋው ይከብዳል፣ እንደ መቁረጡም አስተማማኝ አይደለም። ሌላው ከጎን ጤነኛ ቆዳ ከነደም ሥሩ አምጥቶ ስንጥቁን መሸፈን ነው፤ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል፣ ጡንቻ ግን አይነካም። በእኔ ግምት፣ ጡንቻው የጨበጠና ቅባቱን በትክክል ሞክሮ ያልዳነ ወጣት ወንድ መቆረጡን ዓመት ሙሉ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም፤ ደጋግማ የወለደች ሴት ግን ሌሎቹ ሳይሞከሩ ወደ መቁረጥ ባትቸኩል ይሻላል።

ስንጥቁ መሃሉን ትቶ በጎን በኩል ከወጣ ወይም ከአንድ በላይ ከሆነ ግን ስለ ምርጫው መነጋገር ገና ነው። ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ክሮንስ የተባለው የአንጀት ሕመም ወይም ካንሰር እንዲህ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ጡንቻው ከመነካቱ በፊት ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።