ቤተ ሙከራና ቤተ ጸሎት በአንድ ግቢ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የሐኪሞች ቡድን ጸሎትን በሳይንስ ሊፈትን ተነሣ። የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ሕሙማን ከፊሎቹ በማያውቋቸው ሰዎች ይጸለይላቸዋል፤ ከፊሎቹ አይጸለይላቸውም፤ ከዚያ የማገገማቸው ነገር ይነጻጸራል። ውጤቱ ገና ሳይታወቅ ዴቪድ ማየርስ የተባሉ የሳይኮሎጂ መምህር ግምታቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ፤ ልዩነት አይገኝም አሉ። ማየርስ ጸሎትን የሚንቁ ሰው አይደሉም፤ አማኝ ናቸው፤ የሚያስተምሩትም በክርስቲያን ኮሌጅ ነበር። ግምታቸው የመነጨው ከዚያው ከእምነታቸው ነው። እግዚአብሔር ሰው በፈለገው ሰዓት የሚያዝዘው ኃይል አይደለምና በቁጥጥር ሙከራ ይያዛል ብለው አልጠበቁም። በ2006 የ1,802 ሕሙማን ጥናት ይፋ ሲሆን ይጸለይላቸው አይጸለይላቸው በእርግጠኝነት ባላወቁት መካከል በእርግጥም ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም እንደሚጸለይላቸው አስቀድሞ በእርግጠኝነት የተነገራቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ትንሽ ብሰው ተገኙ፤ ከ100ው 59 ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሆነ ችግር ሲገጥማቸው፣ ከሌሎቹ ግን ይህ የደረሰው በ52 ያህሉ ላይ ነው።

እምነቱን ይዞ ለመለኪያው የሚታዘዝ መምህር ማግኘት ለሚሻ ሰው ማየርስ ያስተማሩበት ሆፕ ኮሌጅ ጥሩ መድረሻ ነው።

ኮሌጁ የሚገኘው በሚሺጋን ግዛት ምዕራብ፣ ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር ብዙም በማይርቅ ሆላንድ በሚባል ከተማ ነው። ከተማውን በ1847 የቆረቆሩት በፓስተራቸው በአልበርተስ ቫን ራልተ የተመሩ የኔዘርላንድ ስደተኞች ናቸው፤ ኮሌጁ የሕጋዊ ተቋምነት ፈቃድ ያገኘው በ1866 ነው። ከአሜሪካ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ 3 ሺህ ያህል ናቸው። ዲምነንት በተባለው የድንጋይ ጸሎት ቤት በሳምንት 3 ቀን አምልኮ አለ፤ የሚሄደው የፈለገ ነው፤ ስም የሚጠራ የለም።

ኮሌጁ ትንሽ በመሆኑ የመምህሩም ሥራ መልኩ ይለያል። በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው ከዋናው ፕሮፌሰር ጋር ሳይሆን ከረዳቶቹ፣ ማለትም ከዶክትሬት ተማሪዎች ጋር ነው። እዚህ የሳይኮሎጂ ዶክትሬት ትምህርት ስለሌለ ረዳት የለም። የመግቢያውን ኮርስ የሚያስተምረውም፣ ፈተናውን የሚያርመውም፣ ቢሮው ድረስ መጥቶ የሚያለቅሰውን ተማሪ የሚያባብለውም ያው አንድ መምህር ነው። ምርምር ሲኖርም አብረውት የሚሠሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። በ20 ዓመቱ የሰው የልብ ምት በመሣሪያ የሚመዘግብ ወጣት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለተማሪው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለመምህሩ ግን ከባድ ሸክም ነው።

ማየርስ ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው በ1967 ሆፕ ሲገቡ ያገኙት ይህንኑ ሸክም ነው። የኋላ ኋላ ግን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ደጋግሞ ማስረዳት የጽሑፍ ብዕራቸውን ሳለላቸው። በ1983 የማኅበራዊ ሳይኮሎጂ፣ በ1986 ደግሞ አጠቃላይ የሳይኮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለቱም ደጋግመው እየታደሱ ታትመዋል፣ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉመዋል። ከመጻሕፍቱ የሚገኘውን የደራሲነት ገቢ ለበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲውል አድርገዋል።

ከዚሁ የኮሌጁ የሳይኮሎጂ ክፍል የወጣ፣ ለእኛ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ የሆነ ሌላ ሥራ አለ። ሻርሎት ዊትቭሊት የተባሉት መምህርት ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ያሳተሙት ጥናት ስለ ቂም ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለ ላደገ ሰው ጉዳዩ አዲስ አይሆንበትም፤ አዲሱ ነገር ቂም በሰውነት ላይ የሚሠራውን በመሣሪያ መለካታቸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 71 ተማሪዎች አንድ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከቅንድብ በላይ፣ ሰው ሲከፋው ግንባሩን በሚያኮማትረው ጡንቻ ላይ፣ ትንንሽ መቅጃዎች ይለጠፋሉ። የላብን መጠን የሚያነብ ሌላ መቅጃ አለ፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይመዘገባል። ከዚያ ተማሪው በእውነተኛ ሕይወቱ የበደለውን አንድ ሰው እንዲያስብ ይጠየቃል። አንዴ በደሉን እያመላለሰና ቂሙን እያብሰለሰለ፤ አንዴ ደግሞ በዳዩም ሰው መሆኑን እያሰበና ይቅር እያለ። ቂሙን ባብሰለሰሉበት ጊዜ ግንባራቸው ይበልጥ ተኮማተረ፣ ላባቸው ጨመረ፣ ልባቸው ፈጠነ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። ይቅር ማለትን ባሰቡ ጊዜ ሁሉም ቀለል አለ።

ይህ ጥናት ይቅር ባይ ሰው ዕድሜው ይረዝማል አይልም። የለካው የጥቂት ቅጽበቶችን ለውጥ ነው፤ ያም በወጣት ተማሪዎች ላይ፣ በሐሳብ ብቻ። በይቅርታ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሌላም ጥንቃቄ ያክሉበታል። ይቅር ማለት አልተበደልሁም ማለት እንዳልሆነ፣ ከበዳዩ ጋር መታረቅም ሌላ ጉዳይ እንደሆነ ይለያሉ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ቂሟን ልትተው ትችላለች፤ ወደዚያ ቤት መመለስ ግን የለባትም። ይቅር በይው ተብላ ወደ ዱላ የምትመለስ ሴት ባለችበት አገር ሁሉ ይህ ልዩነት ሊነገር ይገባዋል።

የማየርስ የቀደመ ጥናትም ዛሬ ቢነበብ አላረጀም። በ1970 ከጆርጅ ቢሾፕ ጋር ባሳተሙት ሥራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በዘር ጉዳይ ባላቸው አመለካከት ለይተው በቡድን አወያዩ። ከውይይቱ በኋላ ቀድሞም ጥላቻ የነበረባቸው ይበልጥ ጠሉ፤ ቀና የነበሩት ይበልጥ ቀና ሆኑ። ሰው ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ሲያወራ አቋሙ ወደ ጫፍ ይሄዳል ማለት ነው። ስልኩ ላይ የሚመስሉትን ብቻ እየሰማ ለሚውል ትውልድ ከዚህ የቀረበ ግኝት አላውቅም።

ሌላው የማየርስ ሥራ የተነሣው ከራሳቸው ጆሮ ነው፤ ከእናታቸው የወረሱት የመስማት ችግር ነበረባቸው። በ1999 ስኮትላንድ ውስጥ በአዮና ደሴት ጥንታዊ ገዳም ለአምልኮ ተቀምጠው፣ የሰባኪው ድምፅ በድንጋዩ ግድግዳ እየተላተመ ተደበላልቆ ይደርሳቸዋል። ባለቤታቸው የጆሮ ምልክት ያለበትን ማስታወቂያ አሳዩአቸው፤ ለመስማት በሚረዳቸው ማዳመጫ ላይ «ቲ» የተባለውን ማብሪያ ሲነኩ ንግግሩ ጥርት ብሎ ገባ። ነገሩ አስማት የለውም። በአዳራሹ ዙሪያ ሽቦ ይዘረጋል፤ ከማይክሮፎኑ የሚመጣው የድምፅ ምልክት በሽቦው ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በማዳመጫው ውስጥ ያለች ትንሽ ጥቅል ሽቦ ያንን ተቀብላ መልሳ ድምፅ ታደርገዋለች። የአዳራሹ ማስተጋባትና ጫጫታ መንገድ ላይ ይቀራል። መምህሩ አገራቸው ተመልሰው ይህ እንዲስፋፋ መቀስቀስ ያዙ፤ በሆላንድ ከተማ አብያተ ክርስቲያናትና አዳራሾች፣ ቀጥሎም በአቅራቢያው በግራንድ ራፒድስ አውሮፕላን ማረፊያ ሽቦው ተዘረጋ።

በሆፕ ሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ድጋፍ ሙያ) የሚያስተምሩት ባልደረቦቻቸው ሥራ ከዚህ ይለያል። የእነርሱ ቤተ ሙከራ ከተማው ነው። ሆላንድ የኔዘርላንድ ስም ይኑራት እንጂ በውስጧ ከሜክሲኮና ከቴክሳስ ለእርሻ ሥራ መጥተው የቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ዕውቅና በሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ተማሪ ቢያንስ 400 ሰዓት መስክ ላይ ሳይሠራ አይመረቅም። በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመጠለያ፣ በአረጋውያን ማቆያ ይመደባል፤ እዚያ አንድ ባለሙያ፣ ኮሌጁ ውስጥ ደግሞ መምህሩ ይከታተሉታል።

መምህራኑ ከሚሠሩት ሁሉ አድካሚው በሙያው የቆየ አንድ ልምምድ ነው። ተማሪው ከባለጉዳይ ጋር የተነጋገረውን ከትዝታው ቃል በቃል ይጽፋል። በአንድ ረድፍ ባለጉዳዩ ያለውን፣ በሌላው እርሱ የመለሰውን፣ በሦስተኛው በዚያች ደቂቃ የተሰማውን። መምህሩ በኅዳጉ ላይ ያርማል። «እዚህ ላይ እርሷ ስታለቅስ ለምን ርዕስ ቀየርህ? ዝምታው ያስጨነቀው እርሷን ነው ወይስ አንተን?» ሃያ ገጽ እንዲህ እያነበቡ ማረም ሰዓታት ይበላል፤ ግን ሰውን መስማት የሚለመደው በሌላ መንገድ አይመስለኝም።

በክርስቲያን ኮሌጅ ለሚያስተምር የሶሻል ወርክ መምህር በጣም የሚከብደው ጥያቄም ከመስክ ይመጣል። ተማሪው በቅንነት «ባለጉዳዬ ሲከፋት አብሬያት ብጸልይስ?» ይላል። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብ ባለጉዳይ ስለ ራሱ የመወሰን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ጥሩ መምህር በጥያቄ ይመልሳል። ጸሎቱን የጠየቀችው እርሷ ናት ወይስ አንተ? እምቢ ብትልህ የምግብ ድጋፏ ወይም የልጇ ጉዳይ ይስተጓጎላል ብላ ትፈራ ይሆን? እርሷ ካልጠየቀች ተማሪው ጸሎቱን ቤቱ ሄዶ ያደርሳል። ይህ እምነትን መደበቅ አይመስለኝም፤ ደካማውን አለማስገደድ ነው፤ አንድ ክርስቲያን ኮሌጅ ይህን ሳያስተምር ቢያስመርቅ ቅር ባለኝ ነበር።

ከምረቃ በኋላም መንገዱ አያልቅም። በሚሺጋን ግዛት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሶሻል ወርከር ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት ከ2 ዓመት ባላነሰ ጊዜ 4,000 ሰዓት በክትትል ሥር መሥራትና ፈተና ማለፍ አለበት። ማስተርስ መማር የፈለገ ደግሞ፣ ዲግሪው ዕውቅና ካለው ኮሌጅ ከሆነ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የ2 ዓመቱን ትምህርት ወደ 1 ዓመት ገደማ ያሳጥሩለታል።