የቀለሙ ምስጢርና የኦቾሎ ሽኮኮዎች

ሰዎቹ የመጡት የሥጋ ደዌ ታማሚ ተብለው ነበር። ፊታቸው አብጧል፣ ጆሯቸው ወፍሯል፣ ክንድና እግራቸው ላይ የማይፈነዳ፣ የማይቆስል ጉብታ ተንሰራፍቷል። በአዲስ አበባ ልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ከሌሎች የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጎን ቢቀመጡ ለይቶ የሚያወጣቸው ዐይን አልነበረም። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ነው። ስሙ ተሰጥቷቸዋል፣ ከስሙ ጋር የሚመጣው የጎረቤት ሽሽትም እንዲሁ።

ማይክሮስኮፑ ግን አልተስማማም።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አንድ የታወቀ ጠባይ አለው፤ ቀይ ቀለም አንዴ ከያዘ በአሲድ ቢታጠብም አይለቅም። ቆዳው በጉብታ በተሞላ ታማሚ ላይ ደግሞ ባክቴሪያው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ከእነዚህ ሰዎች ቆዳ ላይ የተወሰደው ናሙና ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ታጠበ፣ ታየ። ቀይ ዘንግ የለም። ያን ያህል ያበጠ ቆዳ ውስጥ አንድም ባክቴሪያ አለመኖሩ እንቆቅልሽ ሆነ። ቆዳውን የሞላው ታዲያ ምን ነበር?

መልሱ ያለው ሌላ ቀለም ውስጥ ነበር። ያ ቀለም ደግሞ የራሱ ረጅም ታሪክ ነበረው።

ሕብረ ሕዋስ በራሱ ቀለም የለውም። ከሰውነት ተቆርጦ፣ በፎርማሊን ጠንክሮ፣ በሰም ተይዞ፣ ከፀጉር እጅግ ቀጥኖ ሲከተፍ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው እንደ ጉም ያለ ነገር ነው። ኢዮሲን የተባለው ሮዝ ቀለም በጀርመን በ1874 ገደማ ተሠራ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ከሚገኘው ከሄማቶክሲሊን ጋር ተጣመረ። ሄማቶክሲሊኑ የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ኢዮሲኑ ዙሪያውን ሮዝ። ዛሬም በየሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል በየቀኑ የሚሠራበት ይኸው ጥምረት ነው። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። የሚታጠብበት ውሃ አሲድነት ካለው አስኳሉ ሰማያዊ ሳይሆን ቀላ ያለ ሆኖ ይቀራል፤ ክታፊው ከወፈረ ሁሉም ነገር ተደራርቦ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ በሽታው ሳይሆን ውሃው ነው የሚያሳስተው።

ዕድል የገባው በ1891 በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ድሚትሪ ሮማኖቭስኪ የወባን ተውሳክ በደም ውስጥ ለማየት ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ከኢዮሲን ጋር ይደባልቅ ነበር። ተቀምጦ የቆየ፣ ያረጀ ሰማያዊ ቀለም ሲጠቀም ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ቀለም ወጣ። የተውሳኩ አስኳል ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ብቅ አለ። ሰማያዊውም ሮዙም ለብቻቸው ይህን አሳይተው አያውቁም። ያረጀ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ላይ ብቻ ጥሩ የሚመስለው ሰው ይህን ይስማ!

ዊሊያም ሊሽማን የተባለ የብሪታንያ ጦር ሐኪም ይህን ቀለም እያሻሻለ በእጁ አስገባው። በ1900 ከካልካታ አጠገብ ከዱምዱም ታሞ ተመልሶ የሞተ ወታደር ጣፊያ ሲመረምር በሐምራዊ ቀለም የደመቁ ጥቃቅን ክብ አካላት አየ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ እንደ ስንጥር ያለ ትንሽ ነጥብ ነበር። ምን እንደሆኑ አላወቀም። ማስታወሻውን ይዞ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ ተውሳክ ሞታ ሁለት ቀን የቆየች አይጥ ሲመረምር እነዚያኑ የሚመስሉ ነጥቦች አየና የወታደሩ ስላይድ ትዝ አለው። በ1903 ግንቦት ጻፈ። ማድራስ የነበረው ቻርለስ ዶኖቫንም በዚያው ዓመት ሐምሌ ያንኑ ማየቱን አስታወቀ። ተውሳኩ ሊሽማኒያ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት በሃምቡርግ ጉስታቭ ጊምዛ ድብልቁን እንዳይበላሽ አድርጎ አደላደለው፤ እስከ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የወባ ምርመራ የሚሠራበት የጊምዛ ቀለም የእሱ ነው።

አሁን ወደ ዘነበወርቅ እንመለስ። የተጠረጠረው የሥጋ ደዌ ቆዳ በቀይ ቀለም ፈንታ በእነዚህ ቀለሞች ሲታይ እንቆቅልሹ ተፈታ። ሕዋሶቹ እስከ ጠርዛቸው ድረስ በእነዚያው ክብ አካላት ታጭቀው ነበር። እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ናቸው፤ ሃያ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ነው። በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ዋናው አስኳል ይታያል፣ ትንሹ ስንጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል፤ በጊምዛ ሁለቱም ቁልጭ ይላሉ። በ1960 ባልዘር፣ ዴስቶምብ፣ ሻለርና ሴሪዬ በፈረንሳይ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ውስጥ ሳይቀር ነገሩን ተናግሮታል፤ በኢትዮጵያ የተገኘ፣ ሥጋ ደዌ የሚመስል የቆዳ ሊሽማኒያ። እነዚያ ሰዎች የሥጋ ደዌ ታማሚ አልነበሩም።

ግን ከየት ነበር የያዛቸው?

ይህን ጥያቄ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ የሚመልስ አልተገኘም። በእንዶድ ምርምሩ ስሙ የሚነሳው ዶክተር አክሊሉ ለማ ከተሾመ ገመቹና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆኖ ደጋማውን አገር ዞረ። በ1969 ያወጡት ጥናት ጣቱን በአሸዋ ዝንብ ላይ ቀሰረ። አንቶኒ ብራይሰን ደግሞ በአዲስ አበባ ጉብታ ያላቸውን ታማሚዎች እየተከታተለ የሰውነታቸው መከላከያ ተውሳኩን እንደማያውቀው አየ፤ ያው ተውሳክ ቁስል ብቻ አውጥቶ በራሱ በሚድንላቸው ላይ የሚታየው ምላሽ በእነሱ ላይ አልታየም። ዝንቧ ታወቀች። ዝንቧ ግን ተውሳኩን ከየት አመጣችው? በማዕከላዊ እስያ ጥፋተኛው የበረሃ አይጥ ነበር። እዚህ ደጋ ላይ ማን ነበር?

ፍለጋው ከተካሄደባቸው መንደሮች አንዷ ኦቾሎ ናት። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የጋሞ መንደር ናት። ቤቶቹ የተሠሩት ከጥቁር ዓለት ጎን ነው፤ ዓለቱ ደግሞ በስንጥቅና በዋሻ የተሞላ ነው። በወሎ ቁንጭር የሚባለውን ቁስል የኦቾሎ ሰው ቦልቦ ይለዋል። ልጆች ጉንጫቸው ላይ ወጥቶባቸው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆይባቸዋል፤ ሲድን ጠባሳው ይቀራል። ፊት ላይ የቀረ ጠባሳ ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሪቻርድ አሽፎርድ፣ ሮበርት ብሬይና ባልደረቦቻቸው በወሎ ኩታበርና በኦቾሎ ሲመላለሱ ሁልጊዜ አንድ እንስሳ ያዩ ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ከዋሻው አፍ ላይ ተቀምጣ ጠዋት ፀሐይ የምትሞቅ፣ ለሰው ብዙም የማትደነግጥ። ሽኮኮ። መዝሙረኛው እንኳ መሸሸጊያዋ ዓለት እንደሆነ ያውቃል። በሽተኛ አትመስልም ነበር። ከቆዳዋ ናሙና ተወሰደ፣ ተውሳኩም ተገኘባት። በ1973 ተመራማሪዎቹ የራሱ ዝርያ መሆኑን አስታውቀው ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ብለው ሰየሙት። የአገራችን ስም በዚህ በኩል ወደ ሳይንስ መዝገብ መግባቱ ደስ የሚል ባይሆንም፣ ስም ከተሰጠው በሽታ ጋር መታገል ይቻላል።

በ1992 የወጣ ጥናት እንደገና ወደ ኦቾሎ ተመለሰ። 3,022 ነዋሪዎች ተመረመሩ። ከ100 ሰው ወደ አራት የሚጠጋው በዚያ ወቅት ቁስሉ ነበረበት፤ ከሦስት ሰው አንዱ ደግሞ የቆየ ጠባሳ። ከአሥር ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ቁስሉ ከ100 ስምንት አለፈ።

ከዚያ ወዲህ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየሙ የአንትወርፕ ሐሩር ክልል ሕክምና ተቋም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደ ገደሉ ወጥተዋል። ማታ ማታ የብርሃን ወጥመዳቸውን በዋሻው ውስጥም በቤቱ ውስጥም ሰቀሉ፤ ሲነጋ ከወባ ትንኝ የምታንሰውን፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማውን ዝንብ ሰበሰቡ። የአንዳንዶቹ ሆድ ቀልቶ ነበር። ያ ደም የማን እንደሆነ በዘረመል ምርመራ ተጠየቀ። የሽኮኮም የሰውም ሆኖ ተገኘ።